የሰው ነው ብዬ ያጠፋሁት ፎልደር

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ምስር መልቀም ነበር። እሱ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ ያግዘኛል፤ ያውም ጠጠሩን ትቶ ደህናውን ምስር እየጣለ።

«አየሽ መምህርት፣ አንዲት ቃል ጻፍኩ። የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል።»

«ምስሩንም እንዲለቅም ንገረዋ!»

እሱ ጅግጅጋ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜው ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ መጋዘን ላላት አንዲት ነጋዴ ፕሮግራም ሠርቶላት ነበር። የትኛው መኪና ምን ጭኖ እንደገባና መቼ እንደወጣ ይመዘግብላታል። ማሻሻያ ሲኖር በፍላሽ ገልብጦ በሾፌር ይልክላታል።

ያን ዓመት እኔንም ኮድ ማስተማር ጀምሮ ነበር። የተጻፈው ኮድ የሚሠራ ፕሮግራም እስኪሆን ድረስ በርካታ ደረጃዎች አሉት፤ ፓኬጅ የሚላቸውን ነገሮች ማምጣት፣ መሞከር፣ ማዋሃድ፣ መገልበጥ። እሱ ሁሉንም በአንድ ፋይል ጽፎ በአንዲት ቃል ያስነሳቸዋል። እኔ ግን በወረቀት ጽፌ አንድ በአንድ በእጄ ካልሠራሁ አልኩ። «ስንት ዘመን ስም ጠርቻለሁ፣ አንድ ተማሪ ዘልዬ አላውቅም» ብዬ ፎከርኩ። በዚያው ቀን ሙከራውን ዘለልኩት። በነጋዴዋ መዝገብ ላይ መኪኖቹ ሁሉ ሳይገቡ መውጣት ጀመሩ።

ምስሩን በለቀምን በሳምንቱ፣ እያስተማረ ሳለ ልቡ ቆመ።

ከአርባው በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የእጁን ሥራ ለይቼ ማስቀመጥ ፈልጌ ነበር። አንድ ፎልደር ዲስኩን ሞልቶታል። ገብቼ ባየው፣ በውስጡ ካለው ሁሉ አንዲት መስመር እንኳ እሱ የጻፋት የለችም፤ በሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ኮድ ነው። የሰው ነው ብዬ አጠፋሁት። ከጎኑ በስምና በቁጥር ብቻ የተሞላ ረጅም ዝርዝር ነበር። ባሌ እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር አይጽፍም አልኩና እሱንም አጠፋሁ። ቤት ያጸዳሁ ያህል ቀለለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዋ ደወለች።

«ወላሌ፣ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። የኬላው ፎርም ተቀይሯል፤ አንድ ዓምድ ይጨመር ተብሏል። የሚሠራልኝ ከሌለ ወደ ደብተሬ ልመለስ፤ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ወደ ደብተሯ ከተመለሰች የባሌን ሥራ የሚጠቀም አንድም ሰው አይኖርም። «እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት፤ ድምፄም የመሐንዲስ ድምፅ ነበር።

ዓምዱን ጨምሬ ያቺን ቃል ጻፍኩ። ስክሪኑ በቀይ ተሞላ፤ ይህ የለም፣ ያም የለም ይላል። የባሌ ኮድ ቀን መቁጠሩንም፣ ሠንጠረዥ ማውጣቱንም የሚያሠራው በዚያ ባጠፋሁት የሰዎች ኮድ ኖሯል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየጠበቅሁ ፓኬጅ የሚባሉትን የእነዚያን ሰዎች ኮዶች እንደገና አወረድኩ፤ ከሁሉም አዲስ አዲሱን መረጥኩ። ገበያም ስሄድ «ትናንት የገባውን» ነው የምለው። ቀዩ ባሰ። አንዱ ፓኬጅ አሠራሩን ቀይሯል፣ ሌላው ከእሱ ጋር አልሠራም ብሏል። ያ ደረቅ ዝርዝር የትኛው ፓኬጅ፣ በስንተኛው እትሙ፣ ከባሌ ኮድ ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራ የሚናገር እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አፍሬ ደወልኩላት።

«ባለቤቴ መጨረሻ የላከልሽ ፍላሽ አለ?»

«ከመጋዘን ቁልፌ ጋር ታስሯል። ምነው?»

ያደረግሁትን ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው።

«አንቺ ሴት! እኔ ጫኞቹ ዘመዶቼ አይደሉም ብዬ ባባርር ዕቃዬ በምን ይሄዳል?»

ፍላሹ በላስቲክ ተጠቅልሎ በድሬዳዋ በኩል በሾፌር መጣ። ባሌ በዚህ አገር ኔትወርክ አያምንም ነበርና ሁሉንም ገልብጦበታል፤ ኮዱን፣ ዝርዝሩን፣ የሰዎቹንም ፎልደር። ዝርዝሩንና ፎልደሩን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ቃሏን ከመጻፌ በፊት ደረጃዎቹን የያዘውን ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ አነበብኩት። ያንን አላጠፋሁትም ነበር፤ የእሱ እጅ ሥራ ነው ብዬ አስቀምጬ፣ አላነበብኩትም እንጂ። ከሙከራው መስመር በላይ እንዲህ የሚል ማስታወሻ አለ፦ «መምህርት ይህን ትዘለዋለች። ስለዚህ እዚህ ገብቷል።»

ካለቀስኩ በኋላ ቃሏን ጻፍኩ። እስኪጨርስ እጄ ሥራ ስለፈታ ምስር አውጥቼ ለቀምኩ። ሙከራው አለፈ፤ በፍላሽ ገልብጬ በሾፌር ላክሁላት። ነጋዴዋም አዲሱ ዓምድ መሥራቱን ደውላ ነገረችኝ፤ ወደ ደብተሯ ስለመመለስም አላነሳችም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ያቺን ቃል እጽፋለሁ። ሙከራው ሲያልፍ ሁሉንም ከነዝርዝሩ በሁለት ፍላሽ እገለብጣለሁ። አንዱን እኔ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን ወደ ደወሌ እልካለሁ።