ቀዝቃዛው እሳት

እስራኤል ውስጥ፣ መሀል ናታንያ ከተማ ካለ ሱቅ ርካሽ የድምፅ ማጉያ ለሙከራ ወሰድኩ። ፊቱ ላይ ሁለት የመስታወት አምፖሎች ቀልተው ይበራሉ። «አባ፣ ድምፁን የሚያሞቀው የአምፖሉ እሳት ነው» አለኝ ሻጩ። እኔም የሟቹን ወንድሜን ዘፈን ከአሮጌ ካሴት አጥርቶ ቢያሰማኝ ብዬ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ቤት ወስጄ ካሴቱን ከፈትኩበት። ወንድሜ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ከማድቤት ወጥታ የቀሉትን አምፖሎች ስታይ አፈጠጠችብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሳት ነው ያስገባህብኝ? ሰንበት ሳይገባ መልሰው!»

«ሱቁ ተዘግቷል። አጠፋዋለሁ።»

«ፍሙስ? ሰንበትን ሲሞቅ ሊያድር ነው?»

ይኼኔ እኔም ፈራሁ፤ በአባቶቻችን ሕግ ዓርብ ማታ ሰንበት ከገባ እሳት ቤት ውስጥ አያድርም። ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃለች። እንደ ምድጃ ልፈትነው ብዬ እጄን ቀስ አድርጌ ወደ አንዱ አምፖል አስጠጋሁ። አይሞቅም። ነካሁት፤ ጭራሽ ቀዝቃዛ ነው። ብነቀንቀው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ወንድሜ ግን ምንም ሳይጎድልበት መዝፈኑን ቀጠለ። ቀዩ መብራትም ከጉድጓዱ ሥር ይበራል። ለካ አምፖሉ ለጌጥ ኖሯል!

«አታለለኝ! እሁድ በጠዋት እመልስለታለሁ» ብዬ ጮኽኩ።

ባለቤቴ አምፖሉን ከእጄ ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ምን ትመልሰዋለህ?» አለች። «እሳት ከሌለበትማ ግዛው!»