የጀማል አጥንት ብሎኑን ያዘው

ያዘው! ዛሬ ጎባ ሄደን የልጄን የጀማልን ራጅ በዓይኔ አየሁ።

ጀማል ዲንሾ ላይ እንግዶችን በፈረስ የሚመራ ነው። ከፈረስ ወድቆ የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ፣ አዲስ ጅማት ተክለው ከአጥንቱ ጋር በብሎን አሰሩለት። ብሎኑ አጥንትን የሚስብ ማዕድን ተቀብቷል ሲሉኝ፣ «ቅብ ይላጣል» ብዬ ፈረስ ከለከልኩት።

«አባባ፣ ብሎኑ ቢላላ ራጁ ላይ ዙሪያው ጠቁሮ ያዩት ነበር» አለኝ ዶክተሩ።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። አጥንቱ ጥቅጥቅ ብሎ ገጥሟል። አልሐምዱሊላህ!

«አባ፣ እንሂድ እንጂ! ለሦስተኛ ጊዜ ሊያዩት ነው?» አለ ጀማል።

ዶክተሩ ፈረስ ፈቅዶለታል። ሶምሶማውን ግን እኔ ገና አልፈቀድኩም።

እንዲህ ያለ ብሎን ያላችሁ፣ ስንት ወር ቆይታችሁ እንደጋለባችሁ ጻፉልኝ። ቶሎ የጀመራችሁ በውስጥ መስመር ይሁን፤ ጀማል እንዳያነበው።