ዶሮውን ማን ባረከው?

አባታችን ሲሞት ቤታችን ውስጥ የጎደለው እንጀራ አልነበረም። እናቴ ክሊኒክ ስለምትሠራ ከወር ወር እንደርስ ነበር። የጎደለው ዶሮ የሚያርድ ሰው ነው። እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ፣ ሦስታችንም ሴቶች ነን፤ የሴት እጅ ያረደው ደግሞ በክት ነው፣ አይበላም። ስለዚህ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እናቴ ቢላዋ፣ እኔ አውራ ዶሮ ይዘን ነቀምት ቁልቁለቱ ላይ ካለው ደጃፋችን ቆመን ወንድ እንጠብቃለን። ማንኛውንም ወንድ። ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ይሁን፣ ንፍጡን ያልጠረገ ሕፃን ይሁን፣ ሱሪ ከታጠቀ ይበቃል። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ቢላዋውን ፈርቶ ሲያለቅስ፣ እናቴ እጁን በእጇ ይዛ አሳረደችው። የቆረጠችው እሷ፣ የባረከው እሱ። ያንን ግን ሁሉም እጁን እየላሰ በላ።

ልብ በሉ፣ የወንድ ሥራ የተባለው አንገት መቁረጫዋ አንዲት ደቂቃ ብቻ ናት። በፈላ ውሃ ነክሮ ላባ መንጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ አንጀት መዘርገፍ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳያበላሹ ማውጣት፣ ሽንኩርት ላይ ሲያለቅሱ ማርፈድ፣ ይህ ሁሉ የሴት ነው። ወንዱ ቢላዋውን ሣር ላይ ጠርጎ ይሰጠንና እንደ ጦር አዝማች ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ይህች ቢላዋ ይዛ ወንድ የምትለምን እናቴ ደግሞ ሥራዋ ሰው መቁረጥ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል ታጥባለች፣ ብጉንጅ ታፈርጣለች። ከአባቴ ጋር ከጎጃም የመጣው ነጋዴው አጎታችን ብብቱ ሥር ብጉንጅ ወጥቶበት የሄደ ቀን፣ እናቴ ምላጩን ገና ስታነሳው የአልጋውን ብረት ጨብጦ፣ «በእመቤቴ! ቀስ በይ!» እያለ እንደ ጨቅላ አልቅሷል። ይኸው ሰውዬ ነው ቤታችን መጥቶ ጋቢውን እያስተካከለ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለን። እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች። የብብቱን ጠባሳ ግን ከእሷ በቀር ያየው አልነበረም።

የሴት እጅ በክት ነው የሚለው ነገር የት እንደተጻፈ ለማወቅ ልጅ ሆኜ ጠይቄያለሁ። የነፍስ አባታችን ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ልማድ ነው ልጄ» አሉ። የጎረቤታችን ባል ጴንጤ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ከዳር እስከ ዳር ያውቃል፤ እሱም አስቦ አስቦ፣ «የተጻፈስ የለም፣ ግን ያስጸይፋል» አለኝ። በታቦት የማይስማሙ፣ በጾም የማይስማሙ ሁለት ወንዶች በእኛ ቢላዋ ላይ ሲደርሱ አንድ ቃል ሆኑ። እኔም ያን ቀን ነው ወንዶችን መናቅ የጀመርኩት።

እህቴን እትዬ እላታለሁ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፋ ለመምህራን ማሰልጠኛ ተመርጣ ነበር። አጎታችን ሲሰማ፣ «ጠመኔ ይዛ ወንድ ፊት ልትቆም?» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ለአንድ የሲሬ ነጋዴ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጠ። ልጁን ከእኛ ያየው የለም፤ የተነገረን አባቱ ወፍጮ እንዳለው ነው። እናቴ አንድ ቀን ብቻ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቷን ብትጨርስስ?» አለችው። «አባቷ እኔ ነኝ» አላት። ምላጭ ሲያይ የሚያለቅሰው ሰው አባቷ ሆነ። እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች፤ ሲነጋ ግን ማልቀሷን አቆመች፤ ከዚያም በኋላ ስታለቅስ አላየኋትም።

የሲሬዎቹ ሽማግሌዎች ለምሳ የሚመጡበት ቀን ከአዲስ አበባ ባለሥልጣን ይገባል ተባለና የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ሊሰለፍ ወጣ። አጎታችንም ከፊት ለመታየት ኮቱን ለብሶ ሄደ፤ እንግዶቹን ከዚያው ይዞ ይመጣል። ዶሮ ደግሞ ማለዳ ካልታረደ ለምሳ አይደርስም። እናቴና እኔ እንደ ልማዳችን ደጃፍ ቆምን። ፀሐይ ወጣች፤ አህያ አለፈ፣ ውሻ አለፈ፣ ወንድ አላለፈም። ጎረቤታችን ብቅ ብላ፣ «ዋዮ ኢንተላ ኮ! ወይኔ ልጄ! የእኔም ሰውዬ እኮ ሄዷል» አለችና ከንፈሯን መጠጠች።

እትዬ ከቤት ወጣች። ቢላዋውን ከእናቴ፣ ዶሮውን ከእኔ ተቀበለችና ወደ ጓሮ ዞረች። ስትመለስ ዶሮው አንገቱ ተንጠልጥሏል።

«በክት አደረግሽብን!» አለች እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

«ታዲያ ባለሥልጣኑን ልጥራው?» አለች እትዬ።

እናቴ ግራ ቀኝ አየች። «እኔም አላየሁ፣ እናንተም አላያችሁ» አለችና ውሃ ጣደች።

እንግዶቹ አራት ሆነው ከአጎታችን ጋር መጡ። ፈረሰኛው ለሙሽራው አባት ወጣለት። ሰውዬው ሲበላ ግንባሩ ያልበዋል፤ አጥንቱን እየመጠጠ፣ «ሙያ ማለት ይህ ነው! እንዲህ ያለች ልጅ ትምህርት ምን ይሠራላታል?» ይላል። አጎታችን በኩራት ያበጠ መሰለ። ከዚያ የሙሽራው አባት ለቤቱ ክብር ብሎ፣ «ይህን የመሰለ ዶሮ ማን ባረከልን?» ሲል ጠየቀ።

እናቴ የሆነ ወንድ ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። እትዬ ማስታጠቢያውን እንደያዘች በሩ ሥር ቆማለች።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለች።

«ሠራሁት ማለቷ ነው» አለ አጎታችን እየሳቀ።

«አይደለም። አረድኩት።»

ሰውዬው የያዘውን አጥንት ወጭቱ ላይ መልሶ ተነሣ። ግቢ ወጥቶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ሲከት አየሁት፤ አልወጣለትም፤ ዶሮው ተስማምቶታል። «በክት ያበላ ቤት!» እያሉ አራቱም ሄዱ። አጎታችን፣ «ከእንግዲህ እኔን አጎት ብላችሁ እንዳትጠሩኝ» ብሎ ማለ። እኛም እሺ አልን። የቀረውን ዶሮ ሦስታችን ተቀምጠን በላነው፤ እናቴ እንኳ መጀመሪያ መረቁን ብቻ ጠቀሰች፣ ኋላ ግን እግሩን አነሣች።

እትዬ ማሰልጠኛ ገባች። ነቀምት «በክቷ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሽማግሌ የላከባት ወንድ ዳግም አልተገኘም። ተመርቃ ኑኑ ቁምባ ተመደበች፤ ወንዱንም ሴቱንም ታስተምር ጀመር። እኔ ከተማው ሁሉ ስለእሷ ሲያወራ የሚያወራውን እንቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል ሕዝብ፣ እል ነበር፤ ዶሮ አይቶ የሚፈርድ።

ዓመታት አለፉ፤ አግብቼ ጉቴ ገባሁ። አንድ እንቁጣጣሽ ባሌ ለሥራ ሄዶ አልተመለሰም፤ እትዬ በአውቶቡስ እንደምትመጣ ልካብኛለች። ማለዳ ዶሮ በአንድ እጄ፣ ቢላዋ በሌላው ይዤ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ባርደው የሚያየኝ የለም። ግን አማቴ ብትሰማስ? ጎረቤት ቢያወራስ? ቆምኩ። ሲጠጣ ያደረ ሰካራም እየተንገዳገደ መጣ። ለመንኩት። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደ መጋዝ ገዘገዘው፤ ዶሮው በግማሽ አንገቱ አምልጦት ግቢውን ዞረ። ይዤ መልሼ ሰጠሁት። በስመ አብ ሲል እንኳ አልሰማሁትም። ገለቶሚ ብሎ እሱ እኔን አመሰገነ፣ አንድ ብርጭቆ አረቄ ሰጥቼው ነበርና።

እትዬ ለምሳ ደረሰች። ፈረሰኛውን አወጣሁላት። እንጀራ ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ቆም አለች።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። «ማን ባረከው?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። እሷን ግን መዋሸት አልቻልኩም። «መንገደኛ» አልኳት።

«ምን ዓይነት መንገደኛ?»

«ሰካራም።»

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጉርሻውን ወጭቱ ላይ መልሳ እጇን ታጠበች።

«ሽሮ አለሽ?» አለችኝ።