ያልተመረቀ ጉባኤ

ሱሉልታ ውስጥ አባቴ በሽማግሌነት በሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ፣ ለመናገር የተነሳ ሰው ሳይጨርስ ጉባኤ አይዘጋም ነበር። የሚዘጋውም በምርቃት ነው። ምርቃት ካልተባለ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ቢገባ እንኳ ጉባኤው ገና ነው፤ በማግስቱ እዚያው ዛፍ ሥር ይቀጥላል።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተነሳ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን ቡራዩ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አፍሰው ወሰዱት። የት እንደታሰረ የሚነግረን ጠፋ። አባቴ በየፖሊስ ጣቢያው ደጅ ጠንቶ ሲታክተው፣ የላይኛው ምክር ቤት አባል ወደሆነው ጎረቤታችን ሄደ። ሰውየው አባቴ እጅ ላይ ያደገ ነው።

«በሚቀጥለው ጉባኤ እጠይቃለሁ፣ ኦቦ። የታሰሩት ልጆች የት ናቸው እላለሁ» ብሎ ቃል ገባለት።

ጉባኤው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ እኛንም ዝም አሰኘን። አቤት መከባበር! «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ሳይል አፉን የሚከፍት የለም። እርስ በርሳቸው እንኳ የሚነጋገሩት በአፈ ጉባኤው በኩል ነው። አባቴ ይህን ወደደው።

«ሥርዓት አላቸው» አለ።

ጎረቤታችን ከኋላ ወንበር እጁን አነሳ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሌሎች ሦስት ሰዎች ዕድል አገኙ፤ ሦስቱም ስለቀረበው ሪፖርት አመስግነው ተቀመጡ። ከዚያ አፈ ጉባኤው ሰዓት አልቋል አለና «የምትደግፉ» ብሎ ጠየቀ። እጆች ወጡ። የጎረቤታችን እጅ ከቅድም ጀምሮ እንደተነሳ ነበር፤ ከደጋፊዎቹ ጋር ተቆጠረ። መዶሻው ተመታ፣ ሰዎቹ ተነሱ። ማታ ዜናው «ምክር ቤቱ በሰፊው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ» አለ። ውይ፣ ሰፊው ውይይት!

አባቴ ግን ጉባኤው ካለቀ በኋላም ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳም ነበር።

«አልተመረቀም እኮ። ይመለሳሉ» አለን።

ዘፈን መጣ፣ የቢራ ማስታወቂያ መጣ፤ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ እንዳለ ነው። እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ እንደማይመለሱ ግን ለእሱ ምን ብዬ ልንገረው?

ወንድሜ የመጣው በሬሳ ሣጥን ነው። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ ለሟች ጸልየው፣ ለቋሚው ሊመርቁና ሊበትኑን ሲሉ፣ ያ ጎረቤታችን ከበሩ አጠገብ ተነሳ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ «አሁን ነው አፍህ የተከፈተው?» አለው። አባቴ በእጁ ምልክት ዝም አሰኛቸው።

«ያን ቀን እጅህን አይቻታለሁ» አለው። «በል ዱበዹ፤ ተናገር ልጄ። እኛ ሰዓት የለብንም።»

ሰውየው «የተከበሩ...» ብሎ ጀመረ። ግን አልጨረሰም፤ አልተቀመጠምም። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ይጠብቀው ጀመር።