ዳዶውን ያላጠበቀ የለም

ያቺን ትራክተር ለምን ገዛሽ ሲሉኝ ለእርሻ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። የገዛኋት ታናሽ ወንድሜን ከባሕር ላስቀርባት ነው። ከዐረብ አገር ስመለስ ልቡ ሸፍቶ ጠበቀኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በጅቡቲ በኩል በጀልባ እየተሻገረ ነው፤ ደላላው ይደውላል፣ እናታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረቷን ትይዛለች። እኔ በአውሮፕላን ሄጄ እንኳ ያየሁትን አላህ ነው የሚያውቀው፤ እሱ በዚያ ባሕር ሊሄድ! «እሺ፣ እዚህ ምን ሠርቼ ልኑር?» ሲለኝ፣ ያጠራቀምኳትን አራግፌ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ትራክተር ገዛሁለት። ቁልፉን ስሰጠው «እስቲ ትሥራና እናያለን» አለኝ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

እሷ ግን መች ሠርታ! መጀመሪያ ማርሽ አልቀበልም አለች። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፔዳል፣ እስከ ታች ረግጦትም ማርሹን እያንቋቋች ትተፋዋለች። ከሐይቅ ከተማ መካኒክ አስመጣን። ከሥር ገባ፣ ከፔዳሉ ወደ ታች የሚሄደውን ዘንግ ዳዶ ጥርቅም አድርጎ አጠበቀና «በቃ አለቀ» ብሎ ተነሣ። እውነትም ማርሹ ገባ፤ እናቴ ዱዓ አደረገችለት፣ ምሳም በላ። በማግስቱ ከሐይቁ ዳር ወደ ላይ የሚወጣውን ማሳ ልናርስ ወጣን። ማረሻው ገና መሬቱን ሲይዝ ሞተሩ ያጓራል፣ ትራክተሯ ግን ንቅንቅ አትልም። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ የተቃጠለው የእኔ አንጀት መሰለኝ።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ የተቸገረ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከገበያ የሚመለሰው፣ ወደ መስጊድ የሚሄደው፣ መረቡን የተሸከመው ዓሣ አጥማጅ፣ ሁሉም «አብሽሪ!» ብሎኝ ይቆማል። ፎጣውን አጣጥፎ ያስቀምጣል፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ከሥር ይገባል፣ «ቺያቬውን አቀብዪኝ» ብሎ መፍቻዬን ይቀበላል። ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ የሚንሸራተት ነገር ከላላ ነው፣ የላላ ደግሞ ይጠበቃል። ዳዶውን ያዞራል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ መርቆኝ ይሄዳል። ከሱ በፊት የነበረው ሰው ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ አንድ እንኳ የለም። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄዱ አንድ ቄስ ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን አስይዘውኝ ተንበረከኩ። «አባ፣ ይተዉት፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» ብላቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ እንዴት ጥዬሽ አልፋለሁ!» አሉኝ። እጃቸው ደግሞ እንዴት ያለ ብርቱ ነው! ደግ ሰው በመጣ ቁጥር ትራክተሬ ይብስባታል። እምቢ እንዳልል ነውር ነው፣ እሺ እንዳልል ደግሞ ማሳው ጦም ሊያድር ነው። እኔም ብሆን ከነሱ አልሻልኩም፤ ሰው ሲጠፋ እየተነሣሁ አጠብቅ ነበር።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ያያል። ስልኩ ይጮኻል፤ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ያወራል። እሱ ራቅ ባለ ቁጥር እኔ መካኒኩን እረግማለሁ፣ የሸጠልኝን ሰው እረግማለሁ፣ ብረቷን በእግሬ እመታለሁ። እግሬን አመመኝ እንጂ እሷ ምን ገዷት።

ያን ሰሞን ዐረብኛዬ ጠቀመኝ። ስልኬ ላይ ስለ አሮጌ ትራክተር የሚያስተምሩ ሰዎች እያሳደድኩ ሳይ፣ አንድ ጀለቢያው ቅባት የጠጣ ሽማግሌ አገኘሁ። ፔዳሉን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ተጫነው። ትንሽ በባዶው ወረደ፣ ከዚያ ጠጠረ። ይህቺ በባዶው የምትወርደው ጨዋታ ከሌለች፣ አለ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ ይውላል፣ ውስጡ ያለው ዲስክም ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ጨዋታዋ ከበዛች ደግሞ ማርሽ አይገባም። ሱብሃነላህ! እኔና አገሩ ሁሉ ተባብረን ስናጠብቅ፣ ያቺን ጨዋታ ጨርሰን በልተናታል ማለት ነው። መካኒኩም ማርሹን አስገባሁ ብሎ አብዝቶ አጥብቆታል። እንዴት ያለ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ብለን ስንሰጣት የከረምነው በሽታውን ነበር!

ጠዋት መንገደኛ ሳይበዛ ወጣሁና ዳዶውን አላላሁት። ፔዳሉን በእጄ እየተጫንኩ፣ ጥቂት እያላላሁ፣ እንደገና እየተጫንኩ፣ ሽማግሌው ያሳየው ያህል በባዶው ሲወርድልኝ ቦታውን እንዳይለቅ ሁለተኛ ዳዶ ገጥሜ ቆለፍኩት። ወንድሜ አስነሣት። ማርሹ ገባ፣ ማረሻው መሬቱን ያዘ፣ ትራክተሯ ሳብ አድርጋው ሄደች። እልል አልኩ፤ ብቻዬን ማሳ መሐል ቆሜ እልል አልኩ! ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ያ የተረገመ ሽታ ተመልሶ መጣ።

ደግ ሰው አልፎ መሆን አለበት ብዬ ሮጬ ዳዶውን አየሁት። ማንም አልነካውም። ከዚያ ከትራክተሯ ጎን ጎን እየሄድኩ ወንድሜን አየሁት፤ ግራ እግሩ ፔዳሉ ላይ ተጭኗል።

«አንተ! እግርህን አንሣ!»

«ምን አደረግኩ?»

«ረግጠሃታል እኮ!»

«አልረገጥኳትም፤ ደረቁ መሬት ላይ ስትደርስ ትንሽ ፋታ እየሰጠኋት ነው። ትደክማለች።»

ወላሂ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በበሬ ሲያርስ ያደገ ልጅ ነው፤ በሬው ሲያለከልክ ቆም ብሎ ያሳርፈዋል እንጂ ጅራፍ አያነሣም። ያንን ርኅራኄውን ይዞ መጥቶ ትራክተሬ ላይ ይሠራብኛል! «ይህቺ ብረት ናት!» ብዬ ጮኽኩበት። «ብረትስ አይደክመውም እንዴ?» አለኝ በቅን ልቡ። ብናደድም ሳቄ አመለጠኝ፤ የአባታችን ልጅ ነው፣ እንስሳ ሲጎዳ ማየት አይችልም። ከዚያ ወዲያ ከትልቁ ጎማ ክዳን ላይ ሽመል ይዤ ተቀመጥኩና እግሩ ወደ ፔዳሉ በሄደ ቁጥር ጉልበቱን እነካው ጀመር። የሚያልፈው ሰው «ምን አጥፍቶ ነው?» እያለ ይስቃል። ሊረዳኝ የሚወርድ ካለ ገና ከሩቁ «ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ!» ብዬ እጮኻለሁ።

ልማዱን ተወ። ትራክተሯም ያንን ዳገት ሰጥ ለጥ አድርጋ አረሰችው፤ የኛ አልቆ ጎረቤት ሁሉ ነዪልን ማለት ጀመረ። መካኒኩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አየሽ፣ አጠባበቄን!» አለኝ፤ ስቄ አለፍኩት። እናቴ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች። ወንድሜ ደግሞ አንቺም መንዳት ልመጂ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ማርሹን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማረሻ ማንሣት ማውረዱን፣ ሁሉንም ከእኔ በበለጠ ትዕግሥት አስተማረኝ። ሥራ ሲበዛ እንድንቀያየር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን እጁን ታጥቦ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እትዬ፣ እሷን እንደዚያ ተበላሽታ ጥዬልሽ መሄድ አልሆነልኝም ነበር» አለኝ። «አሁን ተስተካክላለች፤ አንቺም ትነጃታለሽ። ለደላላው እሺ ብዬዋለሁ።»

ያን ጊዜ የወጣኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ጮኽኩ፣ ለመንኩ፣ ሰደብኩት። ያቺን ዳዶ እንደተጠበቀች ብተዋት ኖሮ ዛሬም ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ይስቅብኝ ነበር! በገዛ እጄ ፈትቼ ሰደድኩት። እናቴ ስንቁን ቋጠረችለት። ሄደ።

ሲደውል ዳገቱ ላይ ለጎረቤት እያረስኩ ነበር። በአንድ እጄ መሪውን፣ በአንድ እጄ ስልኩን ይዣለሁ።

«ባሕሩ ዳር ነን» አለኝ። «ማታ ጀልባ ይመጣል ብለውናል። እማ ደህና ናት? ትራክተሯስ?»

«ተበላሽታለች» አልኩት። «ያው ፍሪሲዮኑ ነው። ያለ አንተ የሚያስተካክላት የለም፤ ና።»

ከዚያ ማዶ ንፋስ ይሰማኛል።

«እትዬ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ስታርሺ ይሰማኛል እኮ።»

ሞተሩን አጠፋሁት።

«ይኸው ቆመች» አልኩት። «ና።»