የእሁዱ ጠረጴዛ

አሰብ ተመድቤ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ እናታችን አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባች። ኦፐራሲዮን ከመደረጓ በፊት ከሁለታችን አንዳችንን ማየት ፈልጋለች የሚል መልእክት ደረሰን። ታላቅ ወንድሜ የነዳጅ ማጣሪያው የፈረቃ ቴክኒሻን ነበር፤ የሚተካው ሰው ስላልነበረ መሄድ አልቻለም። እኔ ፈቃድ አገኘሁ። ደመወዛችን ግን ለመድኃኒቷ ተልኮ ስላለቀ የአውሮፕላን ቲኬት መግዣ አልነበረንም።

ወንድሜ ፖከር ጥሩ ይጫወታል። ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤት በከተተበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቬንቲላተሩ ሥር እንደተጋደመ፣ "ስታቲስቲክስ የተማርሽው ለመቼ ነው? የትኛው ውድድር እንደሚያዋጣ ንገሪኛ" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ካርታ አላውቅም።"

"ካርታውን ለእኔ ተይው። አንቺ ሰዎቹን አስቢልኝ።"

ወደብ አጠገብ ባለ አንድ ቡና ቤት ጓሮ ሦስት ዓይነት ውድድር ነበር። አንደኛው ጥቂት ሰዎች ሲሟሉ የሚጀመር ትንሽ ጠረጴዛ ነው። በሁለተኛው የተሸነፈ ሰው እንደገና ከፍሎ መግባት ይችላል። ሦስተኛው የእሁዱ ነው፤ ብዙ ሰው ይገባል፣ የወደቀ ይወጣል፣ መጨረሻ የቀረው አብዛኛውን ገንዘብ ይወስዳል።

ትንሹን ጠረጴዛ ወዲያው ተውኩት። የሚቀመጡበት የማጣሪያው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አጨዋወት ጠንቅቆ ያውቃል። በሁለተኛው ኪሱ የሞላ ነጋዴ ደጋግሞ ይገባል፣ እኛ ግን አንዴ ከወደቅን አለቀ። በእሁዱ የሚገቡት ጭነት የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ሰልችቷቸው ስለሚጫወቱ ካርታቸው መጥፎ ሲሆንም አይተዉም።

"የእሁዱን ተጫወት" አልኩት።

እሁድ ቢራ ቢራ እየሸተተ መጣ።

"አሸነፍኩ" አለ። አልተቀመጠም።

"ቲኬቱስ?"

"ጋበዝኩ።"

የእሁዱን ያሸነፈ ቤቱን በሙሉ ይጋብዛል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሊነግረኝ አላሰበም። እኔም ቡና ቤት ገብቼ አላውቅም።

"ይተርፈኛል ብዬ ነበር። እናቴ ታማለች ስላቸው፣ 'እንግዲያው ለጤናዋ እንጠጣ' ብለው ጨመሩ።"

"ጥለሃቸው አትመጣም?"

"ፈረቃ አብረውኝ የሚገቡት ሁሉ እዚያ ናቸው። ነገ ቫልቭ ዝጋልኝ ስል ማን ይሰማኛል?"

የሰዉን ብዛት በትርፍ በኩል ነበር የቆጠርኩት። ያ ሁሉ ሰው እንደሚጠጣ አልመጣልኝም። ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ቁጣ ግን አልመጣም። ከተሸነፉት ሾፌሮች አንዱ በማግስቱ ጠዋት እንደሚነሳና ጋቢና ውስጥ ቦታ እንዳለው ወንድሜ ሲነግረኝ ተነስቼ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ።

"እህቴ፣ ወንድምሽ ሱሪዬን ሊያስወልቀኝ ምንም አልቀረውም" አለኝ ሾፌሩ፣ ከከተማ ስንወጣ። "ደግነቱ ቢራውን አልሰሰተም።" ራሴን ነቀነቅኩ። ኬላ በደረስን ቁጥር የይለፍ ወረቀቴን አውጥቼ አሳያለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ባቲን አልፈን ብርዱ ሲጀምር ሾፌሩ ጃኬቱን አቀበለኝ። መብረዱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ኦፐራሲዮኑ ተደርጎ ነበር። እናቴ ነቅታ ጠበቀችኝ። አቧራ የለበሰ ፀጉሬን ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

"በአውሮፕላን መጣሽ?"

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት።

እጇን ከፀጉሬ ላይ ሳታነሳ ዓይኗን ጨፈነች።