ሟቹ የፕሮግራም ደራሲ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጎፋ ለሚገኘው የሰፈራችን ዕድር አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሟቹ ስም ሲገባለት ድንኳን የሚተክሉትንና መቃብር የሚቆፍሩትን ባለተራዎች ለይቶ ያትማል። ከዚያ በፊት ተራው የሚገኘው በዕድሩ ጸሐፊ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የጸሐፊው ዘመዶች ደግሞ ተራ ደርሷቸው አያውቅም።

ለሙከራ ሟች አስፈለገኝ። በሕይወት ያለ ጎረቤትን በሟችነት መመዝገብ ሟርት ነው፤ የሞተውን ደግሞ መግደል ነውር ነው። ስለዚህ ራሴን ከነአባቴ ስም ገደልኩ። ፕሮግራሙ ሳያቅማማ ስምንት ቆፋሪ መደበልኝ።

መካኒሳ አቦ ኮምፒውተርና ፕሮግራም የሚሸጥ አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሰምቶ መጣ። ፕሮግራሙ ብቻ አልበቃውም፤ እንደልቡ እንዲለዋውጠው ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም እኔ በእጄ የጻፍኩትን ትእዛዝ በሙሉ ፈለገ። በነፃ ሰጠሁት። የጠየቅኩት ስሜ መክፈቻው ገጽ ላይ እንዲቆይ ብቻ ነው።

«አቦን! ስምህን አልነካም» አለ።

ዕውቀት ባለቤት የለውም የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። የሰፈራችን ሴቶች ድስት ሲያዋሱ ቂጡ ላይ በምስማር ምልክት ይጭራሉ፤ ስስታም ያላቸው ግን የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት መካኒሳ የምትኖረው አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እየጮኸች በሬን ደበደበች። ከፈትኩላት።

«ውይ! አልሞትክም እንዴ?»

«እስካሁን አልሞትኩም።»

«የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ስምህን ከነአባትህ ጠርቶ! ድንኳኑ እኮ ተተክሏል!»

አብረን ሄድን። ለካ የአክስቴ ዕድር ፕሮግራሙን ከነጋዴው የገዛው በዋዜማው ነው። የአባላቱን ስም አስገብተው ሲጨርሱ ማሽኑ ሟች አለ አላቸው፤ አመኑት። መዝገባቸው ላይ የቤቴ አድራሻ ስለሌለ ድንኳኑን የዕድሩ ቢሮ በር ላይ ተከሉት። ስምንቱ ባለተራዎች ዶማቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በሕይወት በመኖሬ ደስ ያለው አንድም አልነበረም።

«ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት» አለኝ አንደኛው፣ በቁጣ።

ነጋዴውም ተጠርቶ መጥቷል። ስክሪኑን አየሁ። መክፈቻው ላይ የሱቁ ስም በትልልቁ ተጽፏል።

«የኔ ስምስ?»

«ይኸው» ብሎ የሟቾችን ዝርዝር ከፈተ። «አቦን ብዬ እዋሻለሁ?»

«የተባባልነው ፊት ላይ ነበር!»

«ወንድሜ፣ ደንበኛ ድርጅት እንጂ ግለሰብ አያምንም። ይልቅ ይህን ሞትህን አጥፋልኝ። ኮዱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።»

የዕድሩ ዳኛ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ፕሮግራሙን የሠራው ማነው?»

«እሱ ነው። ግን እኔ አሻሽዬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፊቱን።»

«በል ስሙን ፊቱ ላይ መልስለት።»

«አባባ፣ እንዲያ ከሆነ ማን ይገዛኛል?»

ዳኛው ትከሻቸውን ሰብቀው ድንኳኑ እንዲነሳ አዘዙ። አክስቴ እጄን ጎተተችኝ። «አጥፋው እባክህ! ሟርት ነው!»

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ለሙከራ ራሴን የገደልኩባትን መስመር ወዲያው አገኘኋት። እሷን ካጠፋሁ ፕሮግራሙን እኔ እንደሠራሁት የሚናገር አንዲት ፊደል አይቀርም። ስለዚህ ለዚያ ስም ቆፋሪ እንዳይመደብ ብቻ አደረግኩ። ከዚያም «የሟች ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «የዚህ ፕሮግራም ደራሲ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጠፋ?» አለ ነጋዴው ከኋላዬ።

«ከእንግዲህ ማንንም አያስቆፍርም።»

አመስግኖኝ የታረመውን ፕሮግራም የገለበጠበትን ፍሎፒ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ በሸጠው ቅጂ ሁሉ፣ ከሟቾች ዝርዝር አንደኛ ሆኜ፣ ከነሥራዬ ተጽፌያለሁ።